እውነት ወይስ ተረት? አምፖሉ ኮረንቲውን ይበላዋል?

መካነ ሰላም ውስጥ ከትራንስፎርመሩ ራቅ ብሎ የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል። የምጣድ ሰዓት ሲደርስ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ በራ ይላል፣ ስታቢላይዘሩም ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፦ «ላይ ያሉት ቤቶች ጠጡት፤ ለእኛ የቀረልን አተላው ነው።» እርስዎም ብለውት ይሆናል፤ ቢሉትም አይፈረድብዎትም። ከንግግሩ ጀርባ ያለው እምነት ቅጥ አለው፤ ኮረንቲ ከግድቡ ይነሳል፣ በሽቦው ይፈሳል፣ እያንዳንዱ ቤት ከላዩ ይቀዳል፣ አምፖሉ የደረሰውን ይበላል፣ የተረፈው ወደ ቀጣዩ ቤት ያልፋል። ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ይገጥማል። ችግሩ ኤሌክትሪክ እንዲህ አለመሥራቱ ነው።

እምነቱ እኛ ዘንድ ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓባይ ከቦረና ቆላ ሥር ሲያልፍ የምናየው ሰዎች ነን። ያ ውሃ ወደ ጉባ ወርዶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ ውስጥ አልፎ፣ ብርሃን ሆኖ ተራራ ለተራራ ወደ እኛ ተመለሰ ብሎ ማሰብ ደስ ይላል፤ ገጣሚ ብሆን እኔም አልተወውም ነበር። ደግሞም ግማሹ እውነት ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ከሚይዘው ሐይቅ የሚወርደው ውሃ 13ቱን ተርባይኖች ያሽከረክራል። የውሃው ታሪክ ግን እዚያው ተርባይኑ ሥር ያበቃል፤ ውሃው ወደ ሱዳን መንገዱን ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሌላ ነው። ተርባይኑ ማግኔት ያዞራል፤ የሚዞረው ማግኔት በዙሪያው በተጠመጠመው መዳብ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ኤሌክትሮኖቹን ግድቡ አልፈጠራቸውም፣ ከውሃውም አልወጡም። መዳቡ ከማዕድን ከመውጣቱ በፊትም በውስጡ ነበሩ። በእርስዎ ግድግዳ ውስጥ ባለው ሽቦም እንደዚሁ፤ መብራት ሃይል ቆጣሪ ሳይተክልልዎ፣ ሽቦው ገና ሱቅ ተጠቅልሎ ሳለ ሞልተውበት ነበር።

«ይሁን፤ ግን ከጉባ የተነሳው ኮረንቲ በሽቦ ተጉዞ እኔ ቤት ደርሷል» ይሉኝ ይሆናል። አልደረሰም። ማስረጃው ደጅዎ ላይ ተሰቅሏል። ምሰሶው ላይ ያለውን ትራንስፎርመር ቀና ብለው ይዩት፤ በላይ በኩል 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት የተሸከመ መስመር ይገባል፣ በታች በኩል ለየቤቱ 220 ቮልት ይወጣል። ሆዱ ውስጥ ዘይት የነከራቸው የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ የላይኛውና የታችኛው ጥቅል ግን አይነካኩም። መሀላቸው ያለው ብረትና በብረቱ ውስጥ የሚመላለሰው የማግኔት ኃይል ነው። ከላይኛው ጥቅል ወደ ታችኛው የሚሻገር ኤሌክትሮን የለም። እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር ደግሞ ከግድቡ ግቢ ጀምሮ በየመንገዱ ደጋግሞ ተተክሏል። ስለዚህ ከግድቡ ጀነሬተር የተነሳ ኤሌክትሮን ከግቢው ሳይወጣ እዚያው ሲመላለስ ይኖራል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጉልበቱ ነው። ያ ጉልበት የዓባይ ለመሆኑም ማንም ሊምልልዎ አይችልም፤ ጊቤ፣ ጣና በለስ፣ ተከዜ ከዓባይ ጋር በአንድ መረብ ታስረው፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚመላለስ በአንድ ምት ነው የሚሠሩት። የእርስዎን አምፖል ያበራው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ታዲያ ሽቦው ውስጥ ምን እየሆነ ነው? የውሃውን ምሳሌ ትተን ወደ ወፍጮ ቤት እንሂድ፤ በናፍጣ ሞተር ወደሚሠራው። ሞተሩ በአንድ በኩል፣ ድንጋዩ በሌላ በኩል፣ መሀላቸው ቺንጋ። ሞተሩ ቺንጋውን ይስባል፣ ቺንጋው ድንጋዩን አዙሮ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ድንጋዩ ከቺንጋው አንድ ስንዝር ቆርጦ አያስቀርም፤ የሄደው ያህል ይመለሳል። እህሉ ግን ተፈጭቷል። ቺንጋው አንድ ቦታ ቢበጠስ ደግሞ ከተበጠሰበት ወዲህ ያለው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ባንዴ ይቆማል። ሰርኪዩት ማለት ይኸው ነው፤ ዞሮ የሚገጥም መንገድ። ሁለት ሽቦ ወደ ቤትዎ የሚገባውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይመልሳል፣ እንዲያውም በእኛ መስመር በሴኮንድ መቶ ጊዜ አቅጣጫ እየለዋወጡ።

ማመን ላቃተው ሰው የባለሙያው መለኪያ አለ። አምፔር የሚለካውን መሣሪያ አምፖሉን ከመድረሱ በፊት ባለው ሽቦ ላይ ቢያስገቡት፣ ባለ 60 ዋቱ የድሮ አምፖል 0.27 አምፔር ገደማ ያሳያል። አምፖሉን አልፎ በሚመለሰው ሽቦ ላይ ቢያስገቡትም ያው 0.27 ነው። አምፖሉ አንዲት ፍንጣሪ አልበላም። መለኪያ ከሌለ ሁለት እኩል የእጅ ባትሪ አምፖሎችን በአንድ መስመር፣ አንዱን ከአንዱ አስከትለው ከባትሪ ድንጋይ ጋር ያገናኙ። የሰፈራችን ፍርድ ትክክል ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ደምቆ ሁለተኛው በአተላው ሲንጨላጨል ባየን። የሚሆነው ግን ሁለቱም እኩል ደብዝዘው ይበራሉ። ይህን የሚስተው ያልተማረ ሰው ብቻ እንዳይመስልዎት። በብዙ አገር የፊዚክስ ትምህርትን የሚመረምሩ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ስህተት ነው፤ ቀመሩን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ እንኳ አምፖሎቹ ፊት ሲቆም «ሁለተኛው ያንሳል» ይላል።

እዚህ ላይ ብልህ ጎረቤት የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ የገባው ሁሉ ተመልሶ ከወጣ ለምንድን ነው በየወሩ የምንከፍለው? ተረቱን በሕይወት ያቆየው ዋናው ነገር ይኼ ይመስለኛል። የውሃ ቆጣሪ ያለፈውን ውሃ ይቆጥራል፤ የመብራት ቆጣሪም እጎኑ ተሰቅሎ ቁጥር ያሳድጋል፤ ሁለቱም ደረሰኝ ያመጣሉ። ያለቀ ነገር ከሌለ ገንዘብ አይጠየቅም ብሎ ማሰብ ያባት ነው። ያለቀ ነገርማ አለ፤ ጉልበት ነው። ቆጣሪው ኤሌክትሮን አይቆጥርም፤ ቮልቱን፣ አምፔሩንና የቆየበትን ጊዜ አባዝቶ በኪሎ ዋት ሰዓት ያስቀምጣል። 3,500 ዋት ምጣድ ሳይጠፋ አንድ ሰዓት ቢሠራ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ወፍጮ ቤትም የሚከፍሉት ለማስፈጫው ነው፤ ቺንጋውን ይዘው ወደ ቤት አይመጡም።

ሌላው ተረት ስለ ፍጥነት ነው። ማብሪያውን ስንጫን ወዲያው ስለሚበራ ኮረንቲው ራሱ እንደ መብረቅ ተፈትልኮ የመጣ ይመስለናል። ፈጣኑ ግፊቱ ነው፤ ከብርሃን ፍጥነት፣ በሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሚባለው፣ ብዙም አይርቅም። ኤሌክትሮኖቹ ግን የሚገርም ቀርፋፋ ናቸው። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ ውስጥ 1 አምፔር በአንድ አቅጣጫ ቢያልፍ፣ የኤሌክትሮኖቹ ጉዞ በሰዓት 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በቤታችን መስመር ደግሞ አቅጣጫው ስለሚለዋወጥ ይህንም አይሄዱም፤ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ባነሰ ቦታ ላይ ሲወዛወዙ ነው የሚያመሹት። ሽቦው ከዳር እስከ ዳር የሞላ ስለሆነ ግፊቱ ሲመጣ ሁሉም ካሉበት ይነቃነቃሉ፤ አምፖሉ ውስጥ ያሉትም ጭምር። የሚጠበቅ መንገደኛ ስለሌለ ነው የማይዘገየው።

አሁን ወደ ምጣዱ ሰዓት እንመለስ፤ መብራቱ መደብዘዙን እርስዎም እኔም እናየዋለንና። ኮረንቲው ካልተጠጣ የጎደለው ምንድን ነው? ቮልቱ ነው፤ ማለትም ግፊቱ። የሚያጎድለውም ሽቦው ራሱ ነው። ማንኛውም ሽቦ ትንሽም ቢሆን ይከላከላል፤ ሲረዝምና ሲቀጥን መከላከሉ ይበረታል። ከትራንስፎርመሩ እስከ ሰፈራችን ዳርቻ ያለው መስመር፣ ሄዶ መመለሻው ተደምሮ፣ 1 ኦም መከላከያ አለው እንበል። ምጣድ ከፍ ሲል እንዳልነው 3,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። አንድ ምጣድ ብቻ ዳርቻው ላይ ሲጣድ 15 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ይህ ብዙም አይታወቅም። ሦስት ምጣድ በዚያው መስመር ላይ ባንዴ ሲጣድ ግን ወደ 40 ቮልት ይቀራል፣ 220 የነበረውም 180 ሆኖ ይደርሳል። በ180 ቮልት ምጣዱ ከሙሉ ሙቀቱ የሚሰጠው ከሦስት ሁለት እጁን ነው። እንጀራው ዓይን አልወጣለት ብሎ ሊጡን የምንወቅስበት ቀን አለ፤ ሊጡ ምንም አላደረገ። የቀረው 40 ቮልት የትም አልጠፋም፤ 1,500 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ በምሰሶዎቹ መሀል ሽቦውን ሲያሞቅ አመሸ። የደጋን ብርድ ለማሞቅ ከተባለ ውድ ዘዴ ነው።

እንግዲህ ላይኛው ጎረቤት ነጻ ነው? ሙሉ በሙሉ አልልም፤ የምንጋራውን ሽቦ ያህል ይመለከተዋል። ነገር ግን እርሱ ለትራንስፎርመሩ ስለሚቀርብ የምንጋራው አጭር ነው። መብራታችንን ይበልጥ የሚያደበዝዘው የእርሱ ምጣድ ሳይሆን እኛው ዳር ያለነው የምንጥደው ነው፤ የእኛ ኮረንቲ ሙሉውን መንገድ ሄዶ ይመለሳላ! ይህን ለሚወቅሱት ሰው መንገር ወዳጅነት ባያበዛም እውነቱ ይኸው ነው። ስታቢላይዘርም ነገሩን አይፈታውም። ለገዛው ቤት ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር በመሳብ ነው፤ ተጨማሪው አምፔር ደግሞ ሽቦው ላይ የሚቀረውን ቮልት ያበዛል። አንድ ቤት ሲገዛ ይጠቅመዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲገዛ መስመሩ ይብስበታል። መፍትሔው ወፍራም ሽቦ፣ ቀረብ ያለ ትራንስፎርመር፣ ተራ በተራ መጋገር፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የላላ መገጣጠሚያን ማጥበቅ ነው። አልሙኒየምና መዳብ በእጅ ተጠምዝዘው የተጋጠሙበት ቦታ ውሎ አድሮ ይዝጋል፣ ይከላከላል፣ ይግላል። ብዙ ጊዜ «መብራት ሃይል ቀነሰብን» የምንለው ቮልት እዚያች ጥምዝ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል።

ስለ ባትሪ ድንጋይም ተመሳሳይ ነገር ይባላል። መስመር ባልደረሰባቸው የወግዲ፣ የከለላና የሳይንት ቀበሌዎች ያደገ ሰው የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አይቷል። «ኮረንቲው አልቆበት ነው፣ ከፀሐይ ትንሽ ይሙላ» ይባላል። ደግሞም ማታ ሬዲዮው ጥቂት ይናገራል፤ ተረቱን የማይሞት ያደረገው ይኼ ነው። ድንጋዩ ግን ከፀሐይ ኮረንቲ አልወሰደም። አዲሱም የደከመውም በውስጣቸው ያለው ኤሌክትሮን እኩል ነው፤ በአንዱ ጫፍ የወጣው በሌላው ይገባልና። ያለቀው ኤሌክትሮኖቹን የሚገፋው ኬሚካል ነው። ሙቀቱ የተረፈውን ኬሚካል ያነቃቃዋል፣ ዕረፍቱም ይረዳዋል፤ የመጨረሻዋን ጉልበት አሟጦ ይሰጣል። እዚያው ግቢ ውስጥ ጣሪያ ላይ ያለው የሶላር ሰሌዳ ግን በእርግጥ ከፀሐይ ጉልበት ይወስዳል፤ ሁለቱ አንድ ፀሐይ ላይ ስለተሰጡ አንድ ሥራ የሚሠሩ አይምሰልዎት።

«መብራት ሲመለስ ተጠራቅሞ ስለሚመጣ ዕቃ ያቃጥላል» የሚለውስ? ምክሩ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ተረት ነው። ሽቦ አያጠራቅምም፤ በመረቡ ላይ የሚመነጨውና የሚጠፋው በየቅጽበቱ እኩል መሆን አለበት። ዕቃ የሚያቃጥለው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሳያጠፋ የተወው ምጣድና ሞተር ባንዴ ሲነሳ፣ መስመሩም ሲቆረጥና ሲገጠም ቮልቱ መዝለሉና መውረዱ ነው። ፍሪጅ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው፤ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መንቀል፣ ሲመለስ ትንሽ ቆይቶ መሰካት ጥሩ ልማድ ነውና አይተዉት። ከሁሉ የከፋው ግን ኒውትራሉ፣ ማለትም መመለሻው ሽቦ፣ የተበጠሰ ቀን ነው። «ኒውትራል የሞተ ሽቦ ነው» የሚባለው እስካልተበጠሰ ድረስ ነው የሚሠራው። ምሰሶው ላይ ከላላ ወይም ከተበጠሰ መመለሻ ያጡት ቤቶች በእርስ በርሳቸው በኩል ሰርኪዩቱን ይዘጉታል፤ አንዱ ቤት እየደበዘዘ ሌላው እስከ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። ተሰብስበው የሚቃጠሉት ቴሌቪዥኖች ብዙውን ጊዜ የዚህ ናቸው። ዕቃ እንደተሰካ ቴስተሩ በሶኬቱ ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ከበራ መመለሻው የለም ማለት ነው፤ ሁሉንም ነቅለው፣ ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ባለሙያ ይጥሩ። ቤት ውስጥ የተበጠሰ ኒውትራልም በተሰካው አምፖል በኩል ሙሉ 220 ቮልት ይዞ ይጠብቅዎታል።

የመጨረሻው ተረት ሰው ይገድላል። «ወፍ ሽቦው ላይ ተቀምጣ ምንም አትሆንም፤ እኔም ላስቲክ ጫማ ካደረግሁ ምንም አልሆንም።» ወፏ የተረፈችው ሁለቱም እግሮቿ አንድ ሽቦ ላይ ስለሆኑ ነው፤ በእግሮቿ መሀል ይህ ነው የሚባል የቮልት ልዩነት የለም፣ በእርሷ የሚዘጋ ሰርኪዩትም የለም። ክንፈ ረጅሙ ጥንብ አንሳ ሁለት ሽቦ በክንፉ የነካ ዕለት ግን ይሞታል። ሰው ደግሞ መሬት ላይ ነው የቆመው፤ ትራንስፎርመሩም ከመሬት ጋር ታስሯል፤ ስለዚህ መሬቱ ራሱ መመለሻ መንገድ ነው። በዝናብ የረጠበ፣ የተሰነጠቀ ወይም ሚስማር የወጋው ጫማ ለ220 ቮልት የሚታመን አይደለም፤ ለ15 ሺህና ለ33 ሺህ ደግሞ ደረቁም አዲሱም ከንቱ ነው። «ኮረንቲ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው» የሚባለውም አያድንም፤ ባገኘው መንገድ ሁሉ ያልፋል፣ በቀላሉ ብዙ፣ በከባዱ ጥቂት። ልብን ለማስቆም ደግሞ ጥቂቱ ይበቃል፤ ያ 60 ዋት አምፖል ከሚያሳልፈው አንድ አሥረኛ የሚሆነው፣ ወደ 30 ሚሊ አምፔር የሚጠጋው፣ አደገኛ ነው።

በክረምት ንፋስና በረዶ ሽቦ ሲወድቅም «ሰፈሩ መብራት የለም፣ ሞቷል» ብሎ መቅረብ አለ። ሰፈሩ የጨለመው መስመሩ ስለተበጠሰ ነው፤ የወደቀው ጫፍ ከምንጩ ጋር ሊያያዝ ይችላል፣ የጠፋውም በማንኛውም ደቂቃ ሊመለስ ይችላል። የነካው መሬት ዙሪያውን ቮልት ይሸከማል፤ ወደ ሽቦው ሲቀርቡ ይበዛል፣ ሲርቁ ያንሳል። የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ከብቶች ሳይነኩት የሚሞቱት ለዚህ ነው፤ መብረቅ ዛፍ ሲመታ ሥሩ የተጠለሉትን የሚጥላቸውም ይኸው ልዩነት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ሰውንም ከብትንም አርቀው ያቁሙ፣ ለመብራት ሃይል ይደውሉ፣ ሽቦውን በእንጨትም ቢሆን አንስቼ ላዙር አይበሉ፤ እርጥብ እንጨት ያስተላልፋል። ሳያውቁ ቀርበው ከሆነም አይሩጡ፣ አይራመዱ፤ ሁለት እግርዎን አጣብቀው፣ ከመሬት ሳያነሱ፣ ትንሽ ትንሽ እየገፉ ይራቁ።